ሰባት ኪሎ ካሜራ፤ ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ በቦሌ የአገር ውስጥ መንገደኞች ማስተናገጃ ተሰልፈን ነበር። ከፊታችን የቆመው ወጣት ጥቁር የጀርባ ቦርሳውን ሚዛን ላይ ሲያሳርፈው ቁጥሩ ዘጠኝ ኪሎ አለፈ። በእጅ ይዞ ለመግባት የሚፈቀደው ሰባት ነው። ወጣቱ አልተከራከረም፤ ነገሩን የለመደው ይመስላል። ዘወር ብሎ ቦርሳውን ከፈተና አንዱን ካሜራ ከነሌንሱ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ወፍራሙን ሌንስ በካፖርቱ ጥልቅ ኪስ፣ ቀጭኑን በሌላው ኪስ ከተተ። ባትሪዎቹን የሱሪው ኪሶች ተረከቧቸው። ቦርሳው ሁለተኛ ሲመዘን ከሰባት ኪሎ ወረደ። ሰውየው ግን በአንድ ጊዜ ወፍሮ፣ እንደ ነፍሰ ጡር እየተጠነቀቀ ወደ ፍተሻው አመራ።

መንገዳችን አንድ ስለነበር ወሬ ጀመርን። ደሴ ላይ እሑድ ሠርግ ሊቀርጽ ነው የሚሄደው። ከያዛቸው ሁለት ካሜራዎች የራሱ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው በቀን ሒሳብ የተከራየው ነው። የተከራየው ቢሰበር ባለቤቱ አይምረውም፤ የራሱ ቢሰበር ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት እንጀራው ይቀራል። እንግዲህ ሚዛኑ ላይ የወጣው ቦርሳ አልነበረም፤ ሱቁ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጤፍ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ነው። እነዚህ ሲጓዙ መኪናው ቢዘገይ እንጂ ከጆንያው ውስጥ የሚሰበር ነገር የለም። በጀርባ ታዝሎ፣ በአውሮፕላን በርሮ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ ገበያው የሚደርስ ካፒታል ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ደሴና ኮምቦልቻን የመረጥነውም በምክንያት ነው። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ የክርስቲያኑ፣ ከረመዳን በፊትና በኋላ ደግሞ የሙስሊሙ ሠርግ ይደራል፤ ወሎ ላይ ካሜራማን ሥራ የሚያጣበት ወቅት አጭር ነው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ከየአቅጣጫው ካሜራ ያዡን ይጠራዋል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅና ደረቅ ወደቡ ሥራ ሲይዝ የፋብሪካ ማስታወቂያ የሚቀርጽ ባለሙያም መመላለስ ጀምሯል። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ሠርግ ቀርጾ እሑድ ማለዳ ደሴ ሙሽራ ቤት መገኘት የሚቻለው በአውሮፕላን ብቻ ነው።

ዕቃው ቢጠፋ መተካቱ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እናንሳ። በብዙ የሠርግ ስቱዲዮዎች የሚታወቀው ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ካሜራ በ2008 መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ የአሜሪካ ዋጋው 3,499 ዶላር ነበር፤ ሌንሱን ሳይጨምር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ያንኑ ዋጋ በ57 ብር ብናበዛው 200 ሺህ ብር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በ100 ብር ብናበዛው ግን 350 ሺህ ይጠጋል። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛውም ቢሆን ከዚህ ስሌት አያመልጥም፤ የአሮጌው ዋጋ የአዲሱን ጅራት ይዞ ይወጣልና። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት ካሜራ የገዛ ሰው ዛሬ ያንኑ ካሜራ የሚጠብቀው በእጥፍ ጥንቃቄ ቢሆን አይፈረድበትም።

ሰባት ኪሎ ምን ይይዛል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ማዕረግ ለሚጓዝ ሰው በእጅ የሚፈቅደው አንድ ቦርሳ ነው። ክብደቱ ከ7 ኪሎ፣ መጠኑም ከ55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለመደበኛ መንገደኛ በቂ ነው። ለካሜራማን ግን እንመዝነው።

ሁለት 5ዲ ማርክ 4 ካሜራዎች ከነባትሪያቸው 1 ኪሎ ከ780 ግራም ይመዝናሉ። የሠርግ ሥራ ዋና አገልጋይ የሆነው ባለ 24-70 ሌንስ 805 ግራም ነው። ከሩቅ የሚስበው ባለ 70-200 አንድ ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ለሙሽራዋ ፊት የምትመረጠው ትንሿ ባለ 85 ሌንስ 425 ግራም ናት። እስካሁን አራት ኪሎ ተኩል ደረስን። ሁለት ፍላሽ ከነድንጋዩ ሲጨመር አምስት ኪሎ ተኩል ያልፋል። አሁን ቦርሳው ራሱ አለ። ጥሩ ስፖንጅ ያለው የካሜራ ቦርሳ ባዶውን ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሰባት ኪሎ ተኩል! ላፕቶፑ ገና አልገባም፤ ቻርጀሩም፣ ማይክራፎኑም፣ የቪዲዮ መብራቱም።

በቀበቶና በዚፕ ያጌጠው የሁለት ኪሎ ቦርሳ ታዲያ የመጀመሪያው ጥፋተኛ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከውስጡ ስፖንጁን ብቻ አውጥተው በቀላል የሸራ ቦርሳ ውስጥ ያስገቡታል፤ በዚህ ብቻ አንድ ኪሎ ይተርፋል። ሌላም ጥቅም አለው። የካሜራ ኩባንያ ስም በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ለሌባ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። የተማሪ ቦርሳ የመሰለውን ግን መርካቶም ቢሆን፣ የደሴ መናኸሪያም ቢሆን ማንም ልብ አይለውም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መምረጥ ነው። የእኛ ምክር እንዲህ ነው። ካሜራዎቹ፣ ሌንሶቹ፣ ባትሪዎቹና የተቀረጸባቸው ካርዶች ከእጅ አይለዩ። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ የመብራት ዘንጎች፣ ጃንጥላዎች፣ ቻርጀሮችና ገመዶች በሻንጣ ይላኩ። ፍላሾቹ የግድ ከሆነ ድንጋያቸው ወጥቶ፣ በልብስ ተጠቅልለው፣ ከሻንጣው መሐል እንጂ ከጠርዙ ሳይሆን ይቀመጡ። የማቆሚያው አናት ተፈትቶ ለብቻው ቢጠቀለል ይሻላል፤ ሲወድቅ የሚጣመመው እሱ ነውና። ረዳት አብሮ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሰባቱ ኪሎ አሥራ አራት ሆነ ማለት ነው። ካሜራዎቹን ለሁለት መክፈል ከክብደቱም ሌላ ይጠቅማል፤ የአንዱ ቦርሳ ቢጠፋ በሌላው ሠርጉ ይቀረጻል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚበሩት አብዛኛውን ጊዜ ኪው 400 የሚባሉት ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው። ከመቀመጫ በላይ ያለው የዕቃ ሳጥናቸው ከትልልቆቹ ጄቶች ያነሰ ነው። በሚዛን ያለፈ ቦርሳ በበሩ ላይ አልገባም ሊል ይችላል፤ ያኔ አስተናጋጆቹ ከታች ካለው የዕቃ ክፍል ይሂድ ማለታቸው አይቀርም። በዚህ ጊዜ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም። የሚሻለው ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ መሄድ ነው። በትልቁ ቦርሳ ውስጥ አንድ ትንሽ፣ ከወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ይኑር፤ ካሜራው፣ ካርዶቹና ባትሪዎቹ በሙሉ እዚያች ውስጥ ይሁኑ። ትልቁ ተለቅቆ ይወርዳል፣ ትንሿ ትገባለች።

ባትሪ ለብቻው ሕግ አለው

ስለ ባትሪ ብዙ ሰው በግማሽ ነው የሚያውቀው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ደንብ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሻንጣ እንዳይላክ ይከለክላል። መሄድ ያለበት ከሰውየው ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከውስጡ መጋል ከጀመረ እሳቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። በታችኛው የዕቃ ክፍል ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ አያስቆመውም። በመንገደኞች ክፍል ከሆነ ግን ጭሱ ይታያል፤ አስተናጋጆችም ውኃ ይዘው ይደርሳሉ። ጥር 20 ቀን 2017 በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ ሊነሳ የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ገና መሬት ላይ እያለ ተቃጥሏል። መነሻው በዕቃ ሳጥን ውስጥ የነበረ የስልክ ባትሪ መሙያ (ፓወር ባንክ) ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ሰው አልሞተም። ከዚያ ወዲህ በበረራ ላይ ፓወር ባንክ መጠቀምን የሚከለክሉ አየር መንገዶች በርክተዋል።

ልኩ የሚቆጠረው በዋት-ሰዓት ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ችግር ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን አስፈቅዶ፣ ያውም ከሁለት ሳይበልጥ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በመንገደኛ እጅ አይሄድም። ስሌቱን በጣት ማውጣት ይቻላል፤ ቮልቱ በሚሊ አምፔር-ሰዓቱ ተባዝቶ ለአንድ ሺህ ይካፈላል። የካኖኑ ባትሪ 7.2 ቮልትና 1,865 ነው፤ ስለዚህ 14 እንኳ አይሞላም። በቪዲዮ መብራቶች ጀርባ የምትገጠመው ትልቋ የሶኒ ዓይነት ባትሪ 7.2 ቮልትና 6,600 ስትሆን 48 ገደማ ትሆናለች። ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ይሰላል። 20,000 የተጻፈበት 74 ዋት-ሰዓት ሆኖ ያልፋል፤ 30,000 የተጻፈበት ግን 111 ነውና ፈቃድ ይጠይቃል። ጽሑፉ የተፋቀ ባትሪ ልኩን ማስረዳት ስለማይቻል ፍተሻ ላይ ቢቀር አይግረምዎ። የእያንዳንዱ ባትሪ መገናኛ ብረት በፕላስተር ይሸፈን፤ ወይም በየራሱ ላስቲክ ይግባ። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ ማጨቅ እሳት መጥራት ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው ወጣት ባትሪዎቹን በሱሪ ኪሱ መክተቱ በዚህ ዓይን ሲታይ አያስመሰግነውም።

ቢጠፋ ማን ይከፍላል?

ለአገር ውስጥ በረራ መልሱ ያለው ትኬቱ ላይ በደቃቅ ፊደል በተጻፈው የውል ቃል ውስጥ ነው። አንብቦ የሚገዛ ሰው አላጋጠመንም። ከውጭ አገር ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ግን ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት አለ። በዚያ መሠረት ሻንጣ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ቢዘገይ አየር መንገድ ለአንድ መንገደኛ የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ጀምሮ ጣሪያው 1,519 ኤስ ዲ አር ነው፤ ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን ጠቅላላው ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ከላይ የጠቀስነው ካሜራ ሲወጣ የነበረው ዋጋ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ከጣሪያው በላይ ለማግኘት ሻንጣው ሲረከብ ዋጋውን በጽሑፍ ማስታወቅና የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ያስፈልጋል። ጉዳት የደረሰበት ሻንጣም ከተረከቡ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ፣ የዘገየ ከሆነ ደግሞ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ካልቀረበበት መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ሻንጣዎን እዚያው በአውሮፕላን ማረፊያው ይክፈቱ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ የተሰበረ ሌንስ ይዞ መምጣት ደካማ ክርክር ነው።

ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ደግሞ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ይፈርም። ዕቃው ጠባቂ ከሌለው መኪና ውስጥ ቢሰረቅ ይከፈላል? ለሌላ ሰው ባከራየው ጊዜ ቢጠፋ ይከፈላል? የሚተመነው በተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ ዛሬ በሚገዛበት? የመጨረሻው ጥያቄ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ትልቅ ጥያቄ ሆኗል። በድሮው ብር የተገባ ውል በዛሬው ብር ግማሽ ካሜራ እንኳ ላይመልስ ይችላል።

ለማንኛውም የየዕቃው መለያ ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ የግዢ ደረሰኙም እንዲሁ። ከአገር የሚወጣ ሰው ዕቃውን በቦሌ ጉምሩክ አስመዝግቦ ወረቀቱን ቢይዝ ሲመለስ የገዛ ካሜራውን ቀረጥ ክፈል ከመባል ይድናል።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ

ትኬቱ ደሴ ይላል፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው መለያ ዲ፣ ኤስ፣ ኢ የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት መያዙን ቦሌ ላይ ይመልከቱ። የድሬዳዋው ዲ፣ አይ፣ አር ነው፤ በችኮላ ለሚያይ ዓይን መጀመሪያው አንድ ነው። ከጉዞ በፊት በረራው መኖሩን ማረጋገጥም ተገቢ ነው። ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰበት በ2014 መጀመሪያ በረራው ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳውም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከጉዞው ሁሉ የሚያስፈራው ግን ይኸው ነው። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። የሚኒባስ ረዳት ቦርሳ ሲያይ የመጀመሪያ ሐሳቡ ፖርቶመጋላ ነው። ይህ ጸሐፊ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ቦርሳውን አስጭኗል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ነበር። ከቦርሳዬ ጎን የአንዲት እናት የቅቤ ባልዲ ተጭኖ ነበር። ደሴ ላይ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቅቤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የወሎ ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ስወርድ የቦርሳዬ አንድ ጎን በንጥር ቅቤ ርሶ ጠበቀኝ። እናትየው ከእኔ ይልቅ ለቅቤያቸው አዘኑ፤ ፍርዳቸው ልክ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ሌንሱ ተርፏል። የቦርሳው ዚፕ ግን ከዚያ በኋላ ሲከፈት የዶሮ ወጥ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ለቦርሳዬ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ፤ ረዳቱም ደስ ይለዋል።

ቅቤውን ያቀለጠው ነገር ካሜራንም ይነካል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ከ600 ሜትር በላይ በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጉዞ ይወረዳል። በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቅ ወዳለው የኮምቦልቻ አየር ሲወጣ በአየሩ ያለው እርጥበት በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ሌንሱ አላበው እንላለን። ከውጭ ያለው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከውስጥ የገባው ግን ቀስ ብሎ ካልደረቀ ከርሞ ሻጋታ ያበቅላል። የሻገተ ሌንስ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው በግማሽ ይወድቃል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ካሜራውን ደሴ ላይ ሳለ በላስቲክ ከረጢት ከትቶ አየሩን አውጥቶ ማሰር፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ጤዛው በላስቲኩ ላይ ይቀራል። ታዲያ ሙሽሮቹ ከመኪና ሊወርዱ ሲሉ የደረሰ ካሜራማን ግማሽ ሰዓት ከየት ያመጣል? ከደሴ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይነሳ እንጂ ሌላ መልስ የለንም።

ከካሜራው የሚበልጠው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብረቱና ስለ መስታወቱ ነው። ባለሙያውን አንቅቶ የሚያሳድረው ግን ካርዱ ላይ ያለው ነው። ካሜራ በብድርም ቢሆን ይተካል፤ ሠርግ አይደገምም። አባት ሲመርቁ ያመለጠ ምስል፣ በመልሱ ማግስት ያረፈች አያት የመጨረሻ ፈገግታ በየትኛው ኢንሹራንስ ይመለሳል?

ወሎ ይህን ከማንም በፊት አይቷል። በ1966 መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢና ጓደኞቹ የወሎን ረሃብ ሲቀርጹ ምስሉ የሚቀመጠው በፊልም ጥቅል ላይ ነበር። እዚያው ማየት አይቻልም፤ ቅጂም የለውም። ያለው ያ አንድ ጥቅል ነው፤ ታሽጎ ለንደን ደርሶ እስኪታጠብ ድረስ ምን እንደያዘ ማንም እርግጠኛ አይደለም። ያ ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደግሞ ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላም በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር በኮረም ናይሮቢ የተወለደው ካሜራማን መሐመድ አሚን የቀረጸው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አንቀሳቀሰ። ካሜራው ዛሬ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ምስሉን ግን ሁሉም ያውቀዋል። መሐመድ አሚን ግንቦት 27 ቀን 1983 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጥቷል። ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

ዛሬ በፊልም የሚያነሱ ጥቂት ወጣቶች መልሰው ብቅ ብለዋል። ለእነሱ አንድ ቃል፤ ፊልም በሻንጣ አይላክ። የሻንጣው መፈተሻ ጨረር ያቃጥለዋል። በትልልቅ የውጭ አውሮፕላን ማረፊያዎች የገቡት አዳዲሶቹ የእጅ ቦርሳ መፈተሻዎችም ፊልም ይጎዳሉና በእጅ እንዲፈተሽ በትሕትና ይጠይቁ። የካሜራ ካርድ በጨረር አይጎዳም።

ካርድ ግን ትንሽ ናት፤ ከሸሚዝ ኪስ ትወድቃለች። ሠርጉ ባለቀበት ሌሊት፣ ራት ሳይበላ፣ ሦስት ቅጂ ይሁን። ካርዶቹ ራሳቸው በባለሙያው እጅ፣ አንዱ ቅጂ በላፕቶፑ፣ አንዱ ደግሞ በትንሽ ዲስክ ሆኖ ከረዳቱ ጋር። ረዳቱ በአውቶቡስ የሚመለስ ከሆነ እንዲያውም መልካም ነው፤ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ቀን አይጠፉም። ዲስኩን ለሙሽራው ቤተሰብ ትቶ የሚሄድ ባለሙያም አለ። ክፍያው ካልተጠናቀቀ ግን ይህን የሚደፍረው ጥቂቱ ነው፤ ምክንያቱን ለነጋዴ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ካርዱ ላይ ያለው ተስተካክሎ ለባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ አይደምሰስ። ለዚህ ትርፍ ካርድ መግዛት ግድ ይላል፤ ወጪው ከአንድ ሠርግ ቀብድ ያነሰ ነው።

ቀብድ ካልን ውሉንም እናንሳ። ብዙው ስምምነት በስልክ ነው የሚያልቀው፤ ቀብድ ይላካል፣ ቀን ይያዛል። በረራ ቢሰረዝ ምን ይሆናል? በመኪና ለመሄድ የሚወጣውን ማን ይችላል? ዕቃ በመንገድ ቢበላሽ ባለሙያው ከደሴ ስቱዲዮ ሌላ ካሜራ ተከራይቶ መሥራት ይችላል ወይስ ስምምነቱ ይፈርሳል? ይህን በግማሽ ገጽ ወረቀት መፈራረም የሠርጉን ደስታ አይቀንስም። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደሴ ፒያሳ ወይም ከኮምቦልቻ አንድ ባለስቱዲዮ አስቀድሞ ቢተዋወቅ ደግሞ ብልህነት ነው፤ ባትሪ የተቃጠለበት፣ ቻርጀር የረሳ፣ ፍላሽ የተሰበረበት ሰው የሚሮጠው ወደዚያው ነው። የከተማው ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ የሚመጣውን እንደ ሥራ ቀማኛ የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ኪራይ ሲከፈላቸውና በሁለተኛ ካሜራ አብረው ሲሠሩ ግን ቂሙ ይለዝባል።

ድሮን ይዞ መሄድ ያማራችሁ ካላችሁ አጭር ነው ነገሩ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ሳይያዝ አይሞከርም። ከውጭ ይዞት የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ጥሎት ይገባል። በአውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ካሜራ አውጥቶ ማንሳትም ሳያስፈቅዱ አይሆንም፤ ከደረጃው ሥር ቆሞ የመታሰቢያ ፎቶ የሚያምረው ሁሉ ይህን ይወቅ። በየኬላው ለሚጠየቅ ጥያቄ መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድና የሠርጉ መጥሪያ ካርድ አብረው ቢያዙ መልሱን ያሳጥራሉ። መጥሪያው በተለይ ጠቃሚ ነው።

ያ ባለካፖርቱ ወጣት ኮምቦልቻ ስናርፍ ከሁላችን በኋላ ነው የወረደው። ሻንጣው እስኪመጣ ጥግ ይዞ ቆመና ኪሶቹን አንድ በአንድ አራገፈ፤ ባትሪዎቹን ቆጠረ፣ ሌንሶቹን በየስፖንጃቸው መለሰ። አንዲት ባትሪ ጎደለችው። እንደገና ቆጠረ። በካፖርቱ የተቀደደ ገበር ውስጥ ገብታ ከታች ጠርዝ ላይ አገኛት፤ በጣቶቹ እየገፋ ሲያወጣት ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋበት ነበር። ቦርሳውን ፖርቶመጋላ ላይ አልሰጥም ብሎ ሲከራከር ትቼው ሄድኩ።